የአሠሪ ቃል፣ የሠራተኛ ስም፦ ከሥራ በኋላ የሚመጣ ውንጀላ በፊትዝሮይ ታሪክ

ፊትዝሮይ የሜልቦርን የመጀመሪያዋ የዳርቻ ሰፈር ናት። መሬቷ ተሸንሽኖ መሸጥ የጀመረው በ1839 ሲሆን (ከአንድ የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1858 ከሜልቦርን ተለይታ የራሷን ማዘጋጃ ቤት አቋቁማለች። ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ተኩል አይሞላም። በዚህች ጠባብ ቦታ ባለጸጋና ገረድ፣ ባለፋብሪካና ጫማ ሰፊ፣ በኋላም ከቬትናም፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጣ ስደተኛ ተራ በተራ ኖሮባታል፤ የቀድሞ አሠሪ በሠራተኛው ላይ የሚያነሳው የሐሰት ውንጀላም አብሯቸው ኖሯል። ሰርቋል፣ ሰክሮ ሥራ አበላሽቷል፣ ገንዘብ አጉድሏል የተባለ ሰው የሚጎዳው ከሥራ በመባረሩ ብቻ አይደለም። ወሬው ቀድሞት ይደርሳል፤ የሚቀጥለው ቀጣሪ ፊቱን ሳያይ ስሙን ይሰማል።

የዚህ ነገር መነሻ ግን ፊትዝሮይ ሳትቆረቆር በፊት እንግሊዝ አገር ነው፤ ቅኝ ግዛቱ ሕጉንም ልማዱንም ከዚያ ይዞ መጥቷል። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አሽከር ወይም ገረድ ለመቀጠር የቀድሞ ጌታ የሚሰጠው የጠባይ ምስክርነት ያስፈልግ ነበር። ያለ እሱ ደህና ቤት መግባት የሚታሰብ አልነበረም። ምስክርነቱን መስጠት አለመስጠት ግን የጌታው ፈቃድ ነው፤ በ1800 በካሮል እና በበርድ ጉዳይ ጌታ ለተሰናባች አገልጋዩ እንዲመሰክር የሚያስገድደው ሕግ እንደሌለ ተወስኗል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1786 ዌዘርስተን የተባለ አገልጋይ ስሙን በደብዳቤ አጥፍቷል ያለውን የቀድሞ ጌታውን ከስሶ ነበር። ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ ጌታ ስለ አገልጋዩ ለሚጠይቀው ሰው የሚሰጠው ቃል በክፋት ካልተነገረ በቀር አያስጠይቅም ብለው ክሱን አልተቀበሉትም። በ1792 ደግሞ ፓርላማው ስለ ጠባይ ምስክርነት ሕግ አወጣ፤ ቅጣቱ 20 ፓውንድ ነበር። ሕጉ ያነጣጠረው ግን ሠራተኛን በሐሰት በሚወነጅለው ጌታ ላይ ሳይሆን፣ ለማይገባው ሰው የሐሰት ምስጋና ጽፎ በሚሰጠው ወይም ወረቀት በሚያስመስለው ላይ ነው። የዘመኑ ሕግ አውጪ የፈራው አገልጋይ ያለ ጥፋቱ እንዳይወነጀል ሳይሆን፣ ጌታ እንዳይታለል ነበር።

የፊትዝሮይ ሠራተኞችም ሲዳኙበት የኖሩት፣ ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰው ፍርድ የተሰጠው በ1834 በቱጉድ እና በስፓይሪንግ ጉዳይ ነው። ቱጉድ ተቀጣሪ አናጢ ነበር። ስፓይሪንግ የሚባል የዴቨን ባላባት (ኧርል) ጭሰኛ ቤቱ ጥገና ስለሚያስፈልገው የባላባቱ ወኪል አናጢውን ላከለት። ሥራው በደንብ አልተሠራም፤ ጭሰኛው ደግሞ አናጢው የመጠጥ ጓዳውን በር ሰብሮ ገብቶ ሰክሯል ብሎ ወነጀለው። ቃሉን በሦስት አጋጣሚ ተናገረ። መጀመሪያ ቴይለር የሚባል ሌላ ሰው ባለበት ለራሱ ለአናጢው ነገረው፤ ቀጥሎ አናጢው በሌለበት ለዚያው ለቴይለር ለብቻው አወራው፤ በመጨረሻ ለወኪሉ አመለከተ። ዳኛው ባሮን ፓርክ ነገሩን ለየብቻ አዩት። ሠራተኛውን ለላከው ወኪል የቀረበው አቤቱታ ጉዳዩ ከሚመለከተው ሰው ለሚመለከተው ሰው የተነገረ ስለሆነ በቅን ልብ እስከተባለ ድረስ ጥበቃ ይደረግለታል። ፊት ለፊት የተነገረውም ሦስተኛ ሰው በአጋጣሚ ስለሰማው ብቻ ጥበቃውን አያጣም። ለቴይለር ለብቻው የተነገረው ግን ጉዳዩ ለማይመለከተው ሰው የተደረገ ሐሜት ነው፤ ተናጋሪው እውነት መስሎት ቢናገረውም እንኳ ጥበቃ የለውም።

ይህ ክፍፍል ብልኅነት አለው፤ ነገር ግን ለሠራተኛው ያስቀመጠው ሸክም ከባድ ነው። ውንጀላው ሐሰት መሆኑን ማሳየት ብቻውን አይበቃውም። የቀድሞ አሠሪው ለአዲሱ ቀጣሪ የተናገረው በክፋት መሆኑን ማስረዳት ይኖርበታል፤ የሰው ልብ ደግሞ በምስክር አይቆጠርም።

እዚህ ላይ የቅኝ ግዛቱ የወንጀል ሕግ ተጨመረበት። የጌታና የአገልጋይ ሕግ የሚባለው ከኒው ሳውዝ ዌልስ የተወረሰ ሲሆን ቪክቶሪያም በ1864 የራሷን አወጣች። በዚህ ሕግ ውሉ ሳያልቅ ሥራውን ጥሎ የሄደ፣ ትእዛዝ ያልፈጸመ ወይም የጌታውን ንብረት አበላሽቷል የተባለ ሠራተኛ በዳኛ ፊት ቀርቦ እስከ ሦስት ወር ሊታሰር ይችል ነበር። ደመወዙን የከለከለው ጌታ ግን የሚጠየቀው ገንዘቡን እንዲከፍል ብቻ ነው። ሁለቱን የሚዳኙት የሰላም ዳኞች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው አሠሪዎች ነበሩ። በ1851 ወርቅ ተገኝቶ ወንዱ ሁሉ ወደ ማዕድኑ ሲጎርፍ አሠሪዎች በዚያን ጊዜ በነበረው፣ በተወረሰው ሕግ አጥብቀው ሠሩበት፤ ጥሎ ሄደ የሚለው ክስ እውነትም ሐሰትም ሆኖ ይቀርብ ነበር። ፊትዝሮይ ውስጥ በ1873 የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ በኔፒየር መንገድ መሠራት ሲጀምር ከጊዜ በኋላ ፍርድ ቤቱም ፖሊስ ጣቢያውም በዚያው ግቢ ውስጥ ሆኑ። ግብር ከፋዩና ተከሳሹ በአንድ አጥር ይገቡ ነበር ማለት ነው።

የሰፈሯ ደቡብ ጫፍ የባለጸጎች ነበር። በኒኮልሰን መንገድ ላይ በ1850ዎቹ የተሠራው ሮያል ቴራስ የሚባለው የጥቁር ድንጋይ ቤቶች ረድፍ ዛሬም ቆሟል፤ አሥሩም ቤቶች ባለ ሦስት ፎቅ ናቸው፣ ፊታቸው ወደ ካርልተን መናፈሻ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያለ ገረድና ያለ ወጥ ቤት አይሠራም። ብዙዎቹ ገረዶች ከአየርላንድ የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ የሚቀጠሩትም በደላላ ቢሮዎች በኩል ነው። አንድ የብር ማንኪያ ከጠፋ የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ ማን እንደምትሆን አያጠራጥርም። ልትከስስ ትችላለች? በሕግ ይፈቀድላታል። ጠበቃ የምትቀጥርበት ገንዘብ ግን የላትም፤ የምታድርበትም ቤት የከሳሿ ነው፤ በተባረረችበት ቀን ሥራውም መኝታውም አብረው ይሄዳሉ።

ከጥቂት መንገዶች ወዲያ የሰፈሯ መልክ ይለወጣል። ፊትዝሮይና ጎረቤቷ ኮሊንግዉድ የሜልቦርን የጫማ ሥራ ማዕከል ነበሩ። በ1880 ማክፈርሰን ሮበርትሰን የሚባል ወጣት በአርጋይል መንገድ በቤተሰቡ የመታጠቢያ ክፍል ውስጥ በሚስማር ጣሳና በቆርቆሮ ኩባያ ከረሜላ ማፍላት ጀመረ። ከዚያች ክፍል ተነስቶ የሰፈሯን ብሎኮች የሚሞላ ፋብሪካ አቆመ፤ ሕንፃዎቹ ነጭ ቀለም ተቀቡ፣ ሠራተኛውም ነጭ ለበሰ፣ አካባቢው ነጩ ከተማ ተባለ። እንደ ፍሬዶ ፍሮግ ያሉት ጣፋጮቹ ዛሬም በመደብር አሉ፤ ድርጅቱ ግን በ1967 ለካድበሪ ተሽጧል።

ፋብሪካው የውንጀላውን ጠባይ ለወጠው። ገረዷን የሚያውቋት አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የጫማ ሠራተኛውን ግን የፋብሪካ ባለቤቶች ሁሉ ያውቁታል። ባለቤቶቹ በማኅበር ሲደራጁ ደግሞ አስቸጋሪ የተባለውን ሰው ስም መለዋወጥ ቀላል ሆነ። በኅዳር 1884 የጫማ አሠሪዎችና የሠራተኛው ማኅበር ሥራ ወደ ቤት እየተወሰደ በርካሽ መሠራቱን በተመለከተ ተጋጩ፤ እስከ የካቲት 1885 የዘለቀ የሥራ መዝጋት ተከተለ። የሠራተኛውን ወገን የመራው ጫማ ሰፊው ዊልያም ትሬንዊዝ ሲሆን በኋላ የፓርላማ አባል ሆኗል። በ1885 የወጣው የፋብሪካ ሕግ፣ ከዚያም በ1896 የደመወዝ ቦርዶችን ያቋቋመው ሕግ ቪክቶሪያን በዓለም ቀዳሚ አደረጓት፤ ከመጀመሪያዎቹ ቦርዶች አንዱም የጫማ ሥራ ቦርድ ነበር። ቦርዶቹ ግን የሚወስኑት ደመወዝ ነው። ሌባ ተብሎ የተባረረ ሰው ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ በእነሱ አጀንዳ ላይ አልነበረም። ማኅበሩ ሰውየውን ካመነው ጓደኞቹ ሥራ ያቆሙለታል፤ ካላመነው ብቻውን ነው። በ1890 የባሕረኞቹ አድማ ሲሸነፍና በቀጣዮቹ ዓመታት ባንኮች ሲከስሩ ያ ጥበቃም ሳሳ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ፊትዝሮይ የድሆች ሰፈር ተብላ ትታወቅ ነበር። ከገጠር መጠለያዎች የወጡ አቦርጂናል ቤተሰቦች በገርትሩድ መንገድ አካባቢ ሰፈሩ፤ የቅዱስ ሎውረንስ ወንድማማቾች ማኅበር በ1933 ወደ ፊትዝሮይ መጣ፤ የቪክቶሪያ የቤቶች ኮሚሽን በ1938 ተቋቋመ። ኮሚሽኑ አሮጌ ቤቶችን እያፈረሰ የሠራው የአዘርተን ጋርደንስ መንደር በ1971 ገደማ ተጠናቀቀ፤ አራት ሕንፃዎች፣ እያንዳንዳቸው ባለ 20 ፎቅ፣ በአጠቃላይ 800 ያህል መኖሪያ ቤቶች። ለዚህ ጉዳይ የመጣው ትልቁ ለውጥም ከእነዚህ ሕንፃዎች ጥቂት እርምጃ ርቆ በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ተጀመረ።

የፊትዝሮይ የሕግ አገልግሎት በታኅሣሥ 18 ቀን 1972 ሥራ ጀመረ። መሥራቾቹ ወጣት ጠበቆች፣ የሕግ ተማሪዎች፣ የወጣቶች ሠራተኞችና የሰፈሩ ነዋሪዎች ነበሩ። ያነሳሳቸው በየቀኑ የሚያዩት ነገር ነው፤ ድሃው ፍርድ ቤት የሚቀርበው ያለ ጠበቃ ነበር፣ ጠበቃ ያለበት ሰፈርም ለእሱ ሩቅ ነበር። አገልግሎቱ ይሰጥ የነበረው በምሽት ነው፤ ቀን በመሥሪያ ቤታቸው የሚውሉ ጠበቆች ማታ መጥተው በነጻ ያማክሩ ነበር፣ ባለጉዳዩም ሥራውን ሳይፈታ ይመጣ ነበር። ቀጠሮ አያስፈልግም ነበር፣ ገቢህ ስንት ነው የሚል ጥያቄም አልነበረም። ተራ ጠብቆ የተቀመጠው ሰው አንዱ የቤት ኪራይ ደብዳቤ፣ ሌላው የፖሊስ ክስ፣ ሌላው የስንብት ወረቀት ይዞ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1973፣ የቪክቶሪያ አቦርጂናል የሕግ አገልግሎት ተመሠረተ።

በምድር ቤቱ የተወለደው ሐሳብ ድሃውን ፍርድ ቤት ድረስ ከመሸኘት አልፏል። በ1977 አገልግሎቱ ሕጉን በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ በኋላ የሕግ መመሪያ በሚል ስም በየዓመቱ እየታደሰ የቀጠለው ይህ መጽሐፍ ከሥራ መባረርና ስም ማጥፋትን የሚመለከቱ ምዕራፎች አሉት። በ1980 ደግሞ ጆብዎች የተባለው ለሠራተኞች የሚያማክር ድርጅት ሜልቦርን ውስጥ ተቋቋመ። የእነዚህ ተቋማት ዋጋ በስም ማጥፋት ጉዳይ ላይ ጎልቶ ይታያል። እንግሊዝ በ1949 ነጻ የሕግ እርዳታ ስታቋቁም የስም ማጥፋትን ክስ ሆን ብላ ከዕርዳታው ውጭ አድርጋው ነበር። በድሃ ሰፈር የሚኖር ሰው ግን ከስሙ በቀር የሚሸጠው ነገር እንደሌለው የዘመኑ ሕግ አውጪዎች አላሰቡትም፤ ይህ ትችት ዛሬም አልተመለሰም።

ቀስ በቀስ ግልጽ የሆነው ግን በስም ማጥፋት ሕግ የሚሄደው መንገድ ለተራ ሠራተኛ እንደማያዋጣ ነው። ከዚያ የተሻለው መንገድ ከሌላ አቅጣጫ፣ ከስንብት ሕግ መጣ። በ1984 የአውስትራሊያ የዕርቅና የግልግል ኮሚሽን በስንብት ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ምክንያት የየዘርፉን የሥራ ሁኔታ የሚወስኑት አዋርዶች ከባድ፣ ፍትሕ የጎደለው ወይም ያለ አግባብ የተደረገ ስንብትን መከልከል ጀመሩ። ይህ ለሠራተኛው ምን ያህል ይጠቅመዋል የሚለው በ1995 ተፈተነ። በሲድኒ አውሮፕላን ማረፊያ ከመንገደኛ ሻንጣ ሰርቃችኋል ተብለው የተባረሩ ሻንጣ ጫኞች ከአውስትራሊያን ኤርላይንስ ጋር እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሱ። ፍርድ ቤቱ በአዋርዱ የሰፈረው ክልከላ የሥራ ውሉ አካል አይደለም፣ ስለዚህ በውል ጥሰት የካሳ ክስ አያስነሳም አለ። በዚህ ጊዜ ግን አዲሱ ሕግ ወጥቶ ነበር።

ይህ አዲስ ሕግ ኢትዮጵያንም አውስትራሊያንም ከሚነካ አንድ ሰነድ የተቀዳ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1982 ያወጣው 158ኛው ስምምነት በሰባተኛው አንቀጹ፣ በጠባዩ ወይም በሥራ ብቃቱ ምክንያት ሊሰናበት የሆነ ሠራተኛ አስቀድሞ ለቀረበበት ውንጀላ መልስ የመስጠት ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1991፣ አውስትራሊያ በ1993 አጸደቁት። በስምምነቱ ላይ ተመሥርቶ የወጣው የፌዴራል ሕግ በመጋቢት 1994 ሥራ ላይ ዋለ። የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መንግሥት ሕጉን ተቃውሞ ክስ ቢያቀርብም በ1996 ከፍተኛው ፍርድ ቤት አብዛኛውን አጸናው፤ በዚያው ዓመት ቪክቶሪያ የሥራ ጉዳይ ሥልጣኗን ለፌዴራሉ አስተላለፈች። ጥበቃው ከዚያ በኋላም እየሰፋና እየጠበበ ነው የመጣው፤ በ2006 ሥራ ላይ የዋለው ወርክ ቾይስስ የሚባለው ሕግ 100 ወይም ከዚያ በታች ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ያሉትን በሙሉ ከጥበቃው አወጣቸው። በ2009 የወጣው የፌር ወርክ ሕግ መለሳቸው።

ውንጀላን በተመለከተ ትልቁ ነጥብ ማን ምን ማስረዳት አለበት የሚለው ነው። እንግሊዝ በ1978 በብሪቲሽ ሆም ስቶርስ እና በበርቸል ጉዳይ የያዘችው መንገድ ለአሠሪው ይቀላል፤ አንዲት የመደብር ሠራተኛ በሠራተኞች ግዢ ላይ አጭበርብራለች ተብላ የተባረረችበትን ያን ጉዳይ ያየው ችሎት፣ አሠሪው በቂ ምርመራ አድርጎ በቅንነት ካመነ ይበቃዋል አለ። ድርጊቱ በእውነት መፈጸሙ ዋናው ጥያቄ አይደለም። በአውስትራሊያ ግን በ2000 በኪንግ እና በፍሬሽሞር ጉዳይ የስንብት ክርክር የሚያየው የፌዴራሉ ኮሚሽን አሠሪው ማመኑ ብቻ እንደማይበቃ፣ ጥፋቱ በእርግጥ መፈጸሙን ራሱ ኮሚሽኑ በቀረበለት ማስረጃ መወሰን እንዳለበት አስረዳ። በዚህ ላይ በ1938 ከዚሁ ከቪክቶሪያ በተነሳ የፍቺ ክርክር፣ በብሪጊንሾው ጉዳይ፣ ዳኛ ዲክሰን የሰጡት አስተያየት ይጨመራል። ባል ሚስቱን በዝሙት በከሰሰበት በዚያ ጉዳይ የተባለው፣ ውንጀላው በከበደ መጠን በጭላንጭል ማስረጃና በግምት ሊታመን አይገባም የሚል ነው። ከሰማንያ በሚበልጡ ዓመታት ውስጥ ይህ መለኪያ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ወደ ገንዘብ መሰብሰቢያው ሣጥንና ወደ ዕቃ ማከማቻው ገብቷል፤ ሰርቀሃል የሚባል ሠራተኛ ዛሬ የሚከላከለው በእሱ ነው።

የፌር ወርክ ሕጉ የሚሰጠው ግን በልክ ነው። ማመልከቻው ከስንብቱ በ21 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ 14 ቀን ነበር። ከ15 በታች ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት፣ በሌላው ስድስት ወር ያልሠራ ሰው መብቱ የለውም። ካሳው ከ26 ሳምንት ደመወዝ አይበልጥም፤ ለደረሰበት ውርደትና ጭንቀት ምንም አይከፈለውም። ይህ የመጨረሻው በሕጉ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል።

ኢትዮጵያውያን ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰብአዊ ዕርዳታ መርሐ ግብር ወደ ሜልቦርን ሲመጡ ብዙዎች በፊትዝሮይ፣ በካርልተን፣ በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልቦርን ፎቆች ሰፈሩ፤ ጽዳት፣ ታክሲ፣ መጋዘንና የአረጋውያን እንክብካቤ ዋና ሥራዎቻቸው ሆኑ። ሁሉም በሰው ቤትና በሰው ንብረት መካከል የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ ውንጀላ የሚያሰጋውም እንዲህ ያለውን ሥራ ነው። ይዘውት የመጡት ልማድ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በደላላ የምትቀጠር የቤት ሠራተኛ ዋስ ታቀርባለች፤ ዕቃ ከጠፋ ዋሱ ይያዛል፣ በሐሰት ከተወነጀለችም የሚሟገትላት እሱ ነው። በድሮው ዘመን ሌባ ሻይ ነበር፤ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፣ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በአውጫጭኝም የአገሩ ሰው ጥፋተኛው እስኪጠቆም ከስብሰባ አይበተንም። በሁሉም ውስጥ ውንጀላው በአደባባይ ነው፤ ተወንጃዩ ማን ምን እንዳለው ያውቃል። የፊትዝሮዩ ውንጀላ ግን በስልክ የሚነገር ሪፈረንስ፣ ማለትም የቀድሞ አሠሪ ምስክርነት ነው፤ ተወንጃዩ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሥራውን አለማግኘቱ ብቻ ነው።

በወረቀቱም በኩል ልዩነት አለ። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የስንብቱ ምክንያት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ይህ ጠባብነቱ ራሱ ለሠራተኛው ጋሻ ነው። የአውስትራሊያ አሠሪ ሪፈረንስ የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ የካሮል እና የበርድ ፍርድ ዛሬም በዚያ በኩል አልተሻረም። ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ለምዶ የመጣ ሰው ይህን ለማመን ይቸገራል። በምትኩ የሚሞላ አንድ ቅጽ አለ፤ የሥራ መቋረጥ ማረጋገጫ ይባላል፣ ሥራ ያጣ ሰው የመንግሥት ድጎማ ሲጠይቅ ድጎማውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ሴንተርሊንክ፣ ይፈልገዋል። አሠሪው ከሚሞላባቸው ቦታዎች አንዱ የስንብቱ ምክንያት ነው። ጥፋት የሚለው ላይ ምልክት ከተደረገ ድጎማው ለሳምንታት ሊዘገይ ይችላል። በሐሰት የተሞላች አንዲት ምልክት የቤት ኪራይ የምታስተጓጉለው በዚህ መንገድ ነው፤ ጥፋት አልፈጸምኩም የሚለው ሰው ለሴንተርሊንኩም በጽሑፍ ማስረዳት ይኖርበታል።

እንግሊዝ በ1994 በስፕሪንግ እና በጋርዲያን አሹራንስ ጉዳይ ሌላ በር ከፍታለች፤ ሪፈረንስ የሚጽፍ አሠሪ ለቀድሞ ሠራተኛው የጥንቃቄ ግዴታ አለበት፣ በቸልተኝነት ስሙን ካበላሸ ይጠየቃል ተባለ። ክፋትን ማስረዳት አያስፈልግም። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ2001 በሱሊቫን እና በሙዲ ጉዳይ፣ ልጆቻቸውን በድለዋል ተብለው ያለ ጥፋታቸው የተጠረጠሩ አባቶች ባቀረቡት ክስ፣ የስም ማጥፋት ሕግ የሠራውን ሚዛን በቸልተኝነት ክስ መናድ አይገባም አለ። ስለዚህ ነገሩ ተመልሶ ወደ ጥንቱ መንገድ ይወድቃል። የአሁኑ የስም ማጥፋት ሕግ በ2005 ወጥቶ ከ2006 ጀምሮ በየክፍለ ግዛቱ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ክሱ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ከሐምሌ 2021 ወዲህ ደግሞ ከሳሹ አስቀድሞ የቅሬታ ማስታወቂያ መጻፍና ከባድ ጉዳት እንደደረሰበት ማሳየት ይጠበቅበታል። ሥራ እንዲነፈገው ያደረገ ውንጀላ ከባድ ጉዳት ነው ማለት ይቻላል፤ አስቸጋሪው ውንጀላው ምን እንደነበረ ማወቁ ነው።

በዚህ ላይ የግል መረጃ ሕጉ አንድ ቀዳዳ ትቷል። በ2001 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው ማሻሻያ የግል ድርጅት በሠራተኛው ላይ የያዘውን የሥራ ማኅደር ከሕጉ ውጭ አድርጎታል፤ የቀድሞ አሠሪ ስለ እኔ ምን ጻፍክ ቢባል በዚያ ሕግ የማሳየት ግዴታ የለበትም። ጥበቃው ግን የአሠሪውንና የራሱን ሠራተኛ ግንኙነት ብቻ ነው የሚሸፍነው። ሪፈረንሱን ተቀብሎ ሥራውን የከለከለው ድርጅት አመልካቹን ቀጥሮት አያውቅም፤ ስለዚህ ሽፋኑ የለውም። ዓመታዊ ገቢው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሆነ አመልካቹ ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያሳየው በጽሑፍ ሊጠይቀው ይችላል። በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ በር የከፈተው የፊትዝሮይ የሕግ አገልግሎትም በ2019 ከዳረቢን የማኅበረሰብ የሕግ ማዕከል ጋር ተዋሕዶ በሥራው ቀጥሏል።